ዜኖን በአይሱዙና በሞተር ሳይክል፦ ብርሃኑ የት ነው የሚሄደው?

ማታ ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር የነዳ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ከፊት ለፊት ነጣ ብሎ ሰማያዊ የነካው ብርሃን ብቅ ይላል። መጀመሪያ ሩቅ ነው። ትንሽ ቆይቶ መስታወታችሁን ሞልቶት ይመጣል። ረጅም መብራት ያበራ መስሏችሁ ብልጭ ታደርጉበታላችሁ። እሱ ደግሞ «ረጅሙስ ይሄ ነው» የሚል ይመስል እውነተኛውን ረጅም አንዴ ያሳያችኋል። ለካ እስካሁን በአጭሩ ነበር! ዓይናችሁን ቀኝ የአስፋልት ጠርዝ ላይ ትጥላላችሁ፣ እግራችሁን ከነዳጅ ታነሳላችሁ፣ ትንፋሻችሁን ውጣችሁ እስኪያልፍ ትጠብቃላችሁ። ሲያልፍ ታዩታላችሁ። እስከ አፍንጫው የጫነ አይሱዙ ነው።

እኔም እንዲህ ዓይነቱን ሾፌር ስረግም ነው የኖርኩት። አንድ ቀን ግን ከምረግማቸው አንዱ ጎረቤቴ ሆነው ተገኙ። ኤፍኤስአር የሚባለውን አይሱዙ የሚነዱ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ የሚላቸው ሰው ናቸው። ዜኖን የሚባለውን ነጭ መብራት ለምን እንዳስገጠሙ ስጠይቃቸው በአንድ አፍ መለሱልኝ፦ «አንተዬ፣ የገዛ መንገዴ አይታየኝም እኮ!» ሰውየው ሰው ለማሳወር አልነበረም የተነሱት። ማየት ፈልገው ነው። ችግሩ ዜኖኑ ከተገጠመ በኋላም ከ50 ሜትር ወዲያ ያለው ነገር ያን ያህል አልተሻላቸውም። ይሄ እንዴት ሊሆን ይችላል? ብርሃኑ ጨምሯል፣ ማየቱ ግን አልጨመረም። ጉዳዩ በሙሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ትንሽ ብየዳ በብልቃጥ ውስጥ

በኛ ገበያ «ዜኖን» የሚባለው በፋብሪካዎቹ ቋንቋ ኤችአይዲ ይባላል። ነገሩን ለመረዳት የብረት በር የሚሠራ ሰው ጋ ጎራ ማለት ይበቃል። በያጁ ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ነካ አድርጎ ሲያነሳው፣ በመሃል ያለው አየር ራሱ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራል። ያ ዓይን የሚወጋው ብርሃን የሚወጣው ከዚያ ነው። ዜኖን አምፖል ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ብየዳው በጣም ትንሽ ነው፣ በኳርትዝ ብልቃጥም ታስሯል። እንደ ድሮው አምፖል የሚግል ክር የለውም። ሁለት የተንግስተን ጫፎች 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ተራርቀው ይተያያሉ። በዙሪያቸው ዜኖን ጋዝና ሲግሉ የሚተኑ የብረት ጨዎች አሉ። በብዙዎቹ አምፖሎች ውስጥ ጥቂት ሜርኩሪም አለ።

ይሄን ብየዳ በመኪና ባትሪ ብቻ መለኮስ አይቻልም። ለዚህ ነው ከአምፖሉ ጋር ባላስት የሚባል ሳጥን የሚመጣው። ባላስትን ከቤት ፍሎረሰንት ታውቁታላችሁ፤ የዚህም ስሙም ሥራውም ተቀራራቢ ነው። ስታበሩት ከ20,000 ቮልት በላይ የሆነ ምት ይልክና ጋዙን ይለኩሰዋል። ከዚያ ወደ 85 ቮልት አካባቢ ያወርድና 35 ዋት ላይ ይዞት ይቆያል። መጀመሪያ ሰማያዊ ሆኖ ይጀምርና ሙሉ ብርሃኑን እስኪያገኝ ጥቂት ሴኮንድ ይፈጅበታል። ይቺን ጥቂት ሴኮንድ አትርሷት፣ ሞተር ሳይክል ጋ ስንደርስ እንፈልጋታለን።

ቁጥሩ በእርግጥ ያጓጓል። የተለመደው ባለ ክር አምፖል፣ ባለ 12 ቮልቱ ሃሎጅን ኤች4፣ በአጭር መብራት 1000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣል። ፋብሪካ የገጠመው ባለ 35 ዋት ዜኖን 3200 ገደማ ይሰጣል። ባነሰ ዋት ሦስት እጥፍ ብርሃን ማለት ነው። ክር ስለሌለው ኮረኮንች ቶሎ አይበጥሰውም፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ቢኤምደብሊው በ1991 በ7 ሲሪዝ መኪናው ላይ ይዞት ሲወጣ ዓለም የተደነቀው በምክንያት ነው። ዜኖን መጥፎ ነገር ነው የሚል ሰው ካገኛችሁ አትስሙት። መጥፎው ቤቱ ያልሆነ ቤት ውስጥ ሲገባ ነው።

የኤች4ን ማንኪያ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ የተቃጠለ ኤች4 አምፖል ከመኪናችሁ መሳቢያ ፈልጉና ብርሃን ላይ ያዙት። ውስጡ ሁለት ክር አለ። አንደኛው ለረጅሙ፣ ሌላው ለአጭሩ ነው። የአጭሩ ክር ከሥሩ የጥፍር ስባሪ የምታህል የብረት ማንኪያ አለችው። ብዙ ሰው ክሩን ደግፋ የያዘች ይመስለዋል። አይደለም። ሥራዋ ብርሃን መከልከል ነው።

የመብራቱ አንጸባራቂ ጎድጓዳ ሰሃን አይደል? ከክሩ ተነስቶ የሰሃኑን የላይኛውን ግማሽ የመታው ብርሃን ተመልሶ ወደ መሬት ይወርዳል። የታችኛውን ግማሽ የመታው ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ማለትም ከፊት ለፊት ወደሚመጣው ሰው ዓይን። ማንኪያዋ ያንን የታችኛውን መንገድ ትዘጋለች። ማታ ግድግዳ ላይ መብራታችሁን ስታበሩ ከላይ ጨለማ፣ ከታች ብርሃን ሆኖ የሚታየው መስመር የዚች ማንኪያ ሥራ ነው። በ1971 ኤች4 ሲወጣ ጀምሮ ሥራዋ ይኸው ነው።

ክሩ ደግሞ ቦታው የተለካው በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ነው። ርዝመቱ፣ ውፍረቱ፣ ከመቀመጫው ያለው ርቀት ሁሉ። አንጸባራቂው የተቀረጸው ለዚያ ክር ነው። ለሌላ ለምንም አይደለም። አሁን ክሩን አውጥታችሁ ብየዳ አስገቡበት። ብየዳው ቀጥ ያለ ክር አይደለም፣ እንደ ደጋን ወደ ላይ ጎበጥ ይላል። ጫፍና ጫፉ ላይ ይበረታል፣ መሃሉ ላይ ይሳሳል። ዙሪያው ያለው ብልቃጥም ይፈካል። በርካሽ ኪቶች፣ ማለትም ከሱቅ በካርቶን በሚሸጡት የዜኖን መግጠሚያዎች ላይ ደግሞ ማንኪያዋ ወይ ጭራሽ የለችም፣ ወይ ለይምሰል የተጣበቀች ቆርቆሮ ናት። ውጤቱ ምን ይሆናል? ብርሃኑ እንደ ፈሰሰ ውሃ በየአቅጣጫው ይሄዳል። ወደ ዛፉ ይሄዳል፣ ወደ ታርጋው ይሄዳል፣ ወደ ሰው ዓይን ይሄዳል። መንገዱ የሚደርሰው የተረፈው ነው።

«ታዲያ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው በአንጸባራቂ ቤት ውስጥ ዜኖን ገጥመው የለ?» ትሉኝ ይሆናል። ገጥመዋል። ግን ለዚያ ብለው ሌላ አምፖል ነው የሠሩት። ዲ2ኤስ የሚባለው ፊቱ ላይ ክብ ሌንስ ላለው ፕሮጀክተር ነው። ዲ2አር የሚባለው ደግሞ ለአንጸባራቂ ቤት ነው፤ ብርሃን መውጣት በማይገባው በኩል ብልቃጡ ላይ ጥቁር ቀለም ተቀብቶበታል። የሠሩት ሰዎች እንኳን አንዱን አምፖል በሌላው ቤት አላስገቡም። ቤቱንም ለዲ2አር ብለው ነው የቀረጹት።

ሌላው ማታለያ የራሳችን ዓይን ነው። ኪት የገጠመ ሰው ሁሉ «ቀን አስመሰለው!» ይላል። እውነቱን ነው፣ ግን የቱን? አፍንጫው ሥር ያለውን 15 ሜትር ነው። ቅርብ ያለው አስፋልት ሲነጣ የዓይናችን ብሌን ይጠብባል። ብሌኑ ሲጠብ ሩቅ ያለው ጨለማ የባሰ ይጨልማል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ቅርቡ 15 ሜትር ውስጥ ያያችሁት አህያ ለፍሬን አይደርስላችሁም፣ አንድ ሴኮንድ እንኳን አይሞላም። የሚያስፈልጋችሁ 60ኛውና 80ኛው ሜትር ነው። ጋሼ «አልተሻለኝም» ያሉት ለዚህ ነው። ባላስቱን ቢቀይሩትም ያው ነበር።

ስለ ቀለሙ

ካርቶኑ ላይ 4300፣ 6000፣ 8000፣ 10000 የሚል ቁጥር አለ። ገዢው ቁጥሩ ሲበዛ ብርሃኑ የሚበዛ ይመስለዋል፣ ሻጩም አያርመውም። ቁጥሩ ኬልቪን ነው፣ የቀለም ልክ። 4300 ወተት የመሰለ ነጭ ነው፣ ከሁሉም በላይ ብርሃን የሚሰጠውም እሱ ነው። ወደ 6000 ሲሄድ ይሰማየዋል፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ሐምራዊ ይጠጋል። ሰማያዊው በጨመረ ቁጥር ሉመኑ ይቀንሳል፣ የሌላውን ሰው ዓይን ግን የበለጠ ይወጋል። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ በባለ 8000 መንዳት ነጭ አንሶላ ተከናንቦ እንደመንዳት ነው። ፋብሪካ መኪናው ላይ ገጥሞ የሚልከው ባለ 4300 ገደማውን መሆኑ ብቻ መልስ ይሰጣችኋል።

ጭነት መኪና ላይ

መጀመሪያ ቮልቱ። አይሱዙ ኤፍኤስአርም ሲኖትራክም ባለ 24 ቮልት ናቸው፣ ሁለት ባለ 12 ባትሪ ተቀጣጥሎ። የአሜሪካ ከባድ መኪናዎች ግን በ12 ቮልት ነው የሚሠሩት። ስለዚህ አሜሪካ ትራክ የሚነዳ ዘመድ በሻንጣ የላከላችሁ ኪት፣ የቱንም ያህል ጥሩ ዕቃ ቢሆን፣ ከኤፍኤስአር ጋር ሲያያዝ ጭስ ነው። ባላስቱ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 9–16 የሚል ከሆነ የቤት መኪና ነው። 24 ወይም 9–32 የሚል ካልሆነ ጭነት መኪና ላይ አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ «ብልሃት» አለ፤ በየጋራዡ አይቼዋለሁ። ኤሌክትሪሺያኑ ባለ 12ቱን ኪት ይዞ ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱ ላይ ብቻ ይቀጥለዋል። «ይኸው 12 አገኘን፣ ጋሼ!» መብራቱም ይበራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ዲናሞው ሁለቱን ባትሪ እንደ አንድ ነው የሚሞላው። ለአንዱ ለብቻው ጨምሮ አይሰጥም። መብራት የሚያጠባው ባትሪ በየቀኑ እየጎደለ ይሄዳል። ያኛው ደግሞ ከልክ በላይ እየተሞላ ይፈላል፣ ውሃው ያልቃል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለቱም ይሞታሉ፣ አንዱ በረሃብ፣ አንዱ በጥጋብ። ባለ 12 ዕቃ በ24 መኪና ላይ የግድ ካስፈለገ በመሃል 24ን ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ይገባል። ሌላ መንገድ የለውም።

ከቮልቱ የባሰው ግን ጭነቱ ነው። ባዶውን ኤፍኤስአርና ሙሉውን ኤፍኤስአር ጎን ለጎን አቁሙና እዩ። የኋላው ባሌስትራ ሲተኛ አፍንጫው ወደ ሰማይ ይላል። በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል 4 ሜትር ተኩል ቢኖር፣ ኋላው ከፊቱ 8 ሴንቲ ሜትር አብልጦ ሲሰምጥ መኪናው 1 ዲግሪ ተዘመመ ማለት ነው። 1 ዲግሪ ምን አላት? እስቲ እናስላት። መብራቱ ከመሬት 90 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው እንበል። በባዶው በትክክል ተስተካክሎ፣ በየ10 ሜትሩ 10 ሴንቲ ዝቅ ይላል። 1 ዲግሪ ሲነሳ በየ10 ሜትሩ 17 ሴንቲ ተኩል ይጨምራል። ተቀናንሶ በየ10 ሜትሩ 7 ሴንቲ ተኩል ወደ ላይ እየወጣ ይሄዳል። 50 ሜትር ላይ ሲደርስ ከመሬት 1 ሜትር ከ27 ሆኗል። ቪትዝ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዓይን እዚያው ገደማ ነው።

በሃሎጅን ይሄ ያስቀይማል። በዜኖን ያሳውራል። አውሮፓውያን የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ለዚህ መልስ አለው። አጭር መብራቱ ከ2000 ሉመን በላይ በሚሰጥ አምፖል የሚሠራ መኪና፣ ጭነቱን እያየ መብራቱን በራሱ ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያና የመብራት ማጠቢያ ሊኖረው ይገባል ይላል። ማጠቢያው ቅንጦት አይደለም። ጭቃና አቧራ ብርሃኑን በትኖ ያንኑ ማሳወር ያመጣል። ከሱቅ የምትገዙት ካርቶን ውስጥ ሁለት አምፖልና ሁለት ባላስት ነው ያለው፣ ከነዚህ አንዱም የለም።

አሜሪካ የምትነዱ ደግሞ ይሄን እወቁ። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ለሃሎጅን በተሠራ ቤት ውስጥ ዜኖን የሚያስገባ ኪት የመብራቱን ደረጃ፣ ቁጥር 108 የሚባለውን፣ ሊያሟላ አይችልም የሚል አቋም አለው። ካርቶኑ ላይ «ዶት» (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ስም ነው) የሚል ማኅተም ስላለ ብቻ ሻጩን አትመኑት።

ሞተር ሳይክል ላይ

ሞተር ሌላ ዓለም ነው። መኪና አንድ መብራቱ ቢጠፋ ሌላው ይኖረዋል። ሞተር ያለው አንድ ነው። ባላስቱ ኩርባ መሃል ላይ ሥራ ካቆመ ጨለማው ሙሉ ነው። ርካሽ ባላስት ደግሞ ልማዱ ይሄ ነው፣ ውሃና ንዝረት አይወድም።

ሁለተኛው ጉዳይ ኃይሉ ነው። ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ የፊት መብራቱ ከባትሪው አይገናኝም። ሞተሩ ውስጥ ካለው ኃይል ማመንጫ በቀጥታ ነው የሚመጣለት፣ እሱም እንደ ቤት መብራት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው። የዜኖን ባላስት የሚፈልገው ግን የባትሪ ዓይነቱን ነው። እንዴት ታውቃላችሁ? ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና መብራቱን ሞክሩ። ከዚያ አስነሱና ጋዝ ስጡ። ሳይነሳ የማይበራ፣ ጋዝ ስትሰጡ የሚደምቅ፣ ስትለቁ የሚደበዝዝ ከሆነ ያ ነው። የፊት መብራቱ ሽቦ ላይ ዜኖን ብትቀጥሉ ሲርገበገብ ያመሽና ይሞታል።

መብራቱ ከባትሪ የሆነውም ቢሆን ሒሳቡ ጠባብ ነው። ትንንሾቹ ላይ የሚገባው አምፖል ባለ 35 ዋቱ ነው፣ የኤች4 ታናሽ ወንድም ልትሉት ትችላላችሁ። «ዜኖኑም 35 ዋት ነው፣ እኩል ነው» የሚል አለ። እኩል አይደለም። ባላስቱ ራሱ የሚበላው አለ፣ ስለዚህ ከባትሪው ወደ 40 ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። ሲለኮስ ደግሞ ለጥቂት ሴኮንድ የዚህን እጥፍና ከዚያም በላይ ይጠጣል። በስታርተር ስታስነሱ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ባላስቱ ይጠፋል፣ እንደገና ይለኩሳል። በየመብራቱ እየቆመ ሰባ ቦታ ምግብ የሚያደርስ ልጅ ሞተር ይሄን ሁሉ ቀን አይችለውም። ባትሪዋ መዳፍ ታህላለች እኮ!

ረጅሙን በብልጭታ ማሳየትም ችግር አለው። ጋዙ እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱንም በዜኖን እንሠራለን የሚሉ ኤች4 ኪቶች አምፖሉን በማግኔት ወደፊትና ወደኋላ ያንሸራትቱታል፣ «ቀጭ» የሚል ድምፅ አለው። በሞተር ንዝረት ያ ተንሸራታች ሲላላ ብርሃኑ በየጉድጓዱ ይደንሳል። ሞተሩ ራሱም ይደንሳል። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ይደፋል፣ ጓደኛ ከኋላ ሲፈናጠጥ ወይም ሳጥን ሲጫን ይነሳል፣ ኩርባ ላይ ይተኛል። ግድግዳ ላይ ቀጥ ያለው የብርሃን መስመር መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ አይቆይም። ሃሳቤን ከጠየቃችሁኝ፣ ከ150 ሲሲ በታች ሞተር ላይ ዜኖን አልገጥምም፣ በነፃ ቢሰጠኝም። በዋት የሚመጣጠን፣ የራሱ ቤትና ሌንስ ያለው ሙሉ የኤልኢዲ መብራት ከነቤቱ መቀየር ይሻላል። አምፖሉን ብቻ በኤልኢዲ መተካት ግን ያው የዜኖኑ ታሪክ ነው፣ ማንኪያዋ እዚያም የለችም።

እንገጥማለን ላላችሁ

ካላችሁ ደግሞ በትክክል። ትክክሉ አምፖል መቀየር አይደለም፣ ቤቱን መቀየር ነው። ከነፋብሪካው ለዜኖን የተሠራ የራሳችሁ ሞዴል መብራት ካለ እሱ ነው አንደኛው። ከሌለ አሮጌው ቤት ተከፍቶ ውስጡ ፕሮጀክተር ሌንስ ይገባበታል። ሶማሌ ተራ ሌንሱም ይገኛል፣ የሚገጥመውም አለ። ሌንስ ስትገዙ መኪና በቀኝ ለሚነዳበት አገር የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ። በቀኝ በምንነዳው በኛ፣ የብርሃኑ መስመር በቀኝ በኩል ከፍ ማለት አለበት፣ እግረኛውንና ምልክቱን ለማሳየት። ከጃፓን ወይም ከእንግሊዝ መኪና የተፈታ ሌንስ ከፍ የሚለው በግራ ነው። ግራ ላይ ያለው ደግሞ ከፊት የሚመጣው ሰው ነው።

ሥራው ሲጀመር የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል። 20,000 ቮልት ቀልድ አያውቅም፣ ከበራ ባላስት ላይ ሶኬት አይነካም። አምፖሉን ብልቃጡ ላይ በጣት አትንኩ፤ የእጅ ቅባት ሲግል ቦታውን ለይቶ ያሰነጥቀዋል። ከተሰበረ ሜርኩሪ ሊኖረው ስለሚችል በር ከፍታችሁ ንፋስ አስገቡ። ከባትሪው ፖዘቲቭ ወፍራም ገመድ በፊውዝ በኩል፣ ከዚያ ሪሌ በሚባለው በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ አድርጎ ወደ ባላስቶቹ ይሂድ። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን። የድሮው የመብራት ሽቦ ሥራው ሪሌዋን «ነቃ በይ» ማለት ብቻ ይሁን፣ ኃይል አይሸከም። ኔጋቲቩን ቀለም ያልተቀባ ንጹህ ብረት ላይ እሰሩት። በ«ዜኖኔ ይርገበገባል» ከሚመጡት ብዙዎቹ ጥፋታቸው እዚህ ነው፣ የዛገ ብሎን ላይ የታሰረ ኔጋቲቭ።

ባላስቱ በብሎን ይታሰር። በፋሸታ ብቻ አንጠልጥሎ መተው የተለመደ ነው፣ ኮረኮንች ላይ ግን ቀን ቆጥሮ ይወድቃል። ከሞተሩ ሙቀትና ከጎማ ጭቃ ይራቅ። ከባላስቱ ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ወፍራም ገመድ አትቁረጡ፣ አትቀጥሉ፣ በናስትሮም አታራዝሙ። ባለ 55 ዋት ባላስት ቢያባብሏችሁ እንቢ በሉ። ከ35ቱ የበለጠ ያግልና የአንጸባራቂውን ልባጥ ይልጠዋል።

ከዚያ ማስተካከል። ይቺን ሳያደርግ ከጋራዥ የወጣ መኪና ሥራው አላለቀም። ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ጎማው ተነፍቶ፣ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቃችሁ አቁሙ። የመብራቱን መሃል ከመሬት ለኩ፣ ያንኑ ከፍታ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አስምሩ። ከዚያ 10 ሴንቲ ዝቅ ብላችሁ ሁለተኛ መስመር አስምሩ። የአጭር መብራቱ የላይኛው ጠርዝ ሁለተኛው መስመር ላይ እስኪቀመጥ ማስተካከያውን ብሎን በካቻቢቴ አዙሩ። ጭነት መኪና ከሆነ ብዙውን ጊዜ በምትጭኑት ልክ ጭናችሁ ሥሩት። ግድግዳው ላይ ጠርዙ ጥርት ብሎ ካልታያችሁ፣ እንደ ጉም ከተበተነ፣ የሚስተካከል ነገር የለም። ቤቱና አምፖሉ አልተስማሙም።

ጋሼስ?

አንድ እሁድ ጠዋት ቴስተር ይዤ ሄድኩ። ዜኖኑን አስወልቀን የድሮውን ሃሎጅን መለስነውና ሞተሩ እየሠራ ለካሁ። ባትሪው ላይ 27.6 ቮልት። አምፖሉ ሶኬት ላይ 23.9። የቀረው የት ሄደ? በቀጭኑ ሽቦ፣ በመሪው ሥር ባለው ማብሪያ፣ በተቃጠለ ሶኬት ውስጥ ቀልጦ ቀርቷል። ሃሎጅን በቮልት በጣም ቂመኛ ነው። 10 በመቶ ቮልት ስትነሱት 30 በመቶ ያህል ብርሃን ይነሳችኋል። ሰውየው ሙሉ አምፖል ገዝተው ስድሳ በመቶውን ገደማ ሲያበሩ ነበር የኖሩት።

ሁለት ሪሌ፣ ወፍራም ገመድ፣ አዲስ ሶኬት፣ ሁለት ጥሩ ባለ 24 ቮልት ኤች4። ባለ 100 ዋቱን ሊገዙ ነበር፣ ከለከልኳቸው፤ ሶኬቱን ያቀልጠዋል። ዳግም ስንለካ ሶኬቱ ላይ 27.1 አገኘን። የመብራቱ ፕላስቲክ ሻይ መስሎ ነበር፣ እሱን አስወልውለን አጠራነው። በጥርስ ሳሙና እንሥራው ብለው ነበር፣ እሱ ለሁለት ሳምንት ነው፣ ከላይ መከላከያ ካልተቀባ ፀሐይ መልሳ ታሻግተዋለች። ማታ ሙሉ ጭነት እንደጫኑ የጎረቤት ግንብ ላይ በጠመኔ አስምረን አስተካከልን። የግንቡ ባለቤት ወጥተው ምን እየሠራን እንደሆነ ጠየቁና፣ ሲገባቸው የራሳቸውን መኪና አምጥተው ተሰለፉ።

ደሴ ደርሰው ሲመለሱ አገኘኋቸውና መንገዱ እንዴት ነበር አልኳቸው። «ታየኝ» አሉ። ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፦ «ደግሞ ታውቃለህ? ከሸዋ ሮቢት እስከ ቤቴ አንድ ሰው አልበለጨብኝም።»

የዜኖኑ ካርቶን እስካሁን ከወንበራቸው ሥር ነው። ለመሸጥ ልባቸው እንቢ ብሏቸዋል።